የገጠር ሆስፒታል አጥቢያው እስከ የት ነው?

አንድ ቤተ ክርስቲያን አጥቢያው እስከ የት እንደ ሆነ የሚያውቀው ካርታ ተመልክቶ አይደለም። ማን ልጁን እዚያ ክርስትና እንደሚያስነሣ፣ ማንስ ሙታኑን እዚያ እንደሚቀብር ሰዉን በመቍጠር ነው። ገበያም እንዲሁ ነው፤ የቅዳሜ ገበያ ግዛቱ ሰዎች አህያቸውን ጭነው እስከሚመጡበት መንደር ድረስ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ያለው አገር የሌላ ገበያ ነው። ሆስፒታል ግን ከነዚህ ከሁለቱ የተለየ ጠባይ አለው። ሆስፒታል ሲሠራ አስቀድሞ «ይህ ሆስፒታል ለዚህን ያህል ሕዝብ ነው» ተብሎ በወረቀት ይወሰንለታል፤ አልጋው፣ መድኃኒቱ፣ ሐኪሙና በጀቱም በዚሁ ቍጥር ይመደባሉ። ሕመምተኛው ግን ያንን ወረቀት አላየውም። የሚመጣውም ሆነ የሚቀረው በእግሩ፣ በመንገዱና በኪሱ ልክ ነው።

በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው ያሰብነው፣ በወረቀት የተወሰነው ክልልና በእግር የተወሰነው ክልል እንዴት እንደ ተለያዩ፣ ልዩነቱንም ለማወቅ ሰዎች ምን ዘዴ እንደ ፈለጉ ነው። «የአገልግሎት ክልል» ስንል አንድ ሆስፒታል ሊያገለግለው የተመደበበት ሕዝብ የሚኖርበትን አገር ማለታችን ነው። ነገሩ ላይ ላዩን ሲመለከቱት የቃል ጉዳይ ይመስላል። ነገር ግን ዳር ያለው ገበሬ በወረቀቱ ላይ «አገልግሎት አለው» ተብሎ ስለ ተቈጠረ ሌላ ሆስፒታል አይሠራለትም፤ በእግሩ ደግሞ ወደ ተሠራው አይደርስም። ስሕተቱ የሚወድቀው በዚህ ሰው ላይ ነው። (ዓመተ ምሕረት ብለን ካላመለከትን በቀር ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲያስተውልልን እንለምናለን።)

ነገሩን በቍጥር አስቀድመው ከመረመሩት ሰዎች አንዱ ኤድዋርድ ጃርቪስ የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም ነው። በማሳቹሴትስ ግዛት፣ በዉስተር ከተማ፣ በ1833 የተከፈተ የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ነበረ። ሆስፒታሉ በሕግ የግዛቱ ሕዝብ ሁሉ ንብረት ነበረ፤ የቅርቡም የሩቁም ሰው ግብር ይከፍልበታል። ጃርቪስ በ1850 ባሳተመው ጽሑፍ በዚህና በሌሎች የአሜሪካ ሆስፒታሎች የገቡትን ሕሙማን በየመጡበት አውራጃ ለይቶ፣ ከየአውራጃው የሕዝብ ቍጥር ጋር አስተያየው። ያገኘውም ውጤት፣ አውራጃው ለሆስፒታሉ በቀረበ መጠን የሚልከው ሕመምተኛ ከሕዝቡ ብዛት አንጻር እየጨመረ፣ በራቀ መጠንም እየቀነሰ መሄዱን ነው። እብደት ከሆስፒታል አጥር አጠገብ ይበዛል የሚል ሰው አይገኝም፤ ስለዚህ የተለያየው በሽታው ሳይሆን መንገዱ ነው። የቅርቡ ቤተ ሰብ ሆስፒታሉን ያውቀዋል፤ ጐረቤቱ ታክሞ ሲመለስ አይቷል። የሩቁ ግን በሽተኛውን ይዞ ለብዙ ቀን መጓዙን ሲያስበው በቤቱ ያስቀምጠዋል። ከዚያ ወዲህ ይህ ነገር በሊቃውንቱ ዘንድ «የጃርቪስ ሕግ» እየተባለ ይጠራል።

የጃርቪስ አሳብ ወረቀት ላይ ሲቀር፣ መንግሥታት የያዙት ሌላ መንገድ ነው። በእንግሊዝ አገር በ1920 ሎርድ ዳውሰን የመሩት ኮሚቴ ባቀረበው መግለጫ አገሩ በትንንሽ ጤና ጣቢያዎች፣ እነዚህም በትልልቅ ጤና ጣቢያዎች፣ ትልልቆቹ ደግሞ የሕክምና ትምህርት በሚሰጥባቸው ሆስፒታሎች ሥር እንዲሰናሰሉ ተመከረ። ምክሩ በጊዜው አልተፈጸመም፤ መልኩ ግን፣ ማለት ከታች ብዙ፣ ከላይ ጥቂት፣ በመካከሉም ሕመምተኛ ከዝቅተኛው ወደ ከፍተኛው የሚተላለፍበት ሥርዓት፣ ዛሬ በብዙ አገር የሚሠራበት ሆኗል።

አሜሪካኖች በ1946 ባወጡት፣ በሁለት የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት አባሎች ስም ሂል በርተን ተብሎ በተጠራው ሕግ፣ ከማዕከላዊው መንግሥት ለሆስፒታል ማሠሪያ ገንዘብ የሚፈልግ ግዛት ሁሉ አስቀድሞ ያሉትን ሆስፒታሎች እንዲቈጥር፣ አገሩንም በአገልግሎት ክልል እንዲከፍል ታዘዘ። ለ1,000 ሰው እስከ 4.5 አልጋ የሚል ልክም ተደረገ፤ ከሌላው ይልቅ ሆስፒታል ላጣው የገጠር አገር ቅድሚያ ተሰጠ። በብዙ የገጠር ከተማ የመጀመሪያው ሆስፒታል የተሠራው በዚህ ሕግ ነውና ጥቅሙ የሚካድ አይደለም። ነገር ግን በዚሁ ሕግ ውስጥ ለነጭና ለጥቍር ተለያይተው የሚሠሩ ሆስፒታሎችን የሚፈቅድ አንቀጽ ነበረበት። በካርታው ላይ በአንድ ክልል ውስጥ የተቈጠረ ጥቍር ሰው፣ በበሩ ሲደርስ የሚመለስበት ጊዜ ነበረ ማለት ነው። አንቀጹ በፍርድ ቤት የፈረሰው በ1963 ነው። ይህን ያነሣነው ለወቀሳ አይደለም፤ በክልል ውስጥ መቈጠርና በበር መግባት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ለመሆናቸው ከዚህ የጠራ ማስረጃ ስላላገኘን ነው።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ የሆስፒታል ታሪካችን በመጀመሪያው ጊዜ ክልል የሚባል አሳብ የለበትም። ከአድዋ ድል (1888 ዓ.ም.) በኋላ የመጣው የሩሲያ ቀይ መስቀል የሕክምና ቡድን የሠራው በአዲስ አበባ ነው፤ ቤተ መንግሥቱ ያለው እዚያ ነውና። የአሜሪካ ፕሬስቢቴሪያን ሚሲዮን ከ1919 ወዲህ በደምቢ ዶሎ የሕክምና ሥራ የጀመረው ከሱዳን በኩል መግቢያው ያ ስለ ነበረና ያገሩ ገዢ ስለ ጠየቁ ነው። ጣልያኖች በአምስቱ ዓመት የሠሯቸው ሆስፒታሎች ጦራቸውንና መንገዳቸውን የተከተሉ ናቸው። እንግዲህ አንዱ ቤተ መንግሥትን፣ አንዱ ሚሲዮንን፣ አንዱም ጦር ሰፈርን ተከትሎ ተተከለ። ሕዝቡ ወደ ተተከለበት ሄደ፤ የሁለትና የሦስት ቀን መንገድ ተጕዞ የሚደርስ ነበረ። «ያንተ ሆስፒታል ይህ አይደለም» ብሎ የሚመልስ ግን አልነበረም።

የሕዝብ ጤና ጥበቃ ሚኒስቴር በ1948 ከተቋቋመ በኋላ ነገሩ በዕቅድ መታሰብ ጀመረ። በደምቢያ ሜዳ የወባ ወረርሽኝ ሕዝቡን ከፈጀው በኋላ፣ በ1954 በጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ተከፈተ። ኮሌጁ የሚያሠለጥናቸው የጤና መኮንን፣ የኅብረተሰብ ነርስና የአካባቢ ንጽሕና ሠራተኛ በአንድነት ሆነው በአንድ ጤና ጣቢያ እንዲመደቡ፣ አንዱም ጤና ጣቢያ ለ50,000 ሰው እንዲያገለግል ታሰበ። ጤና ጣቢያው በሥሩ ትንንሽ ክሊኒኮች ይኖሩታል። አሳቡ ሸጋ ነበረ፤ ሐኪም በሌለበት አገር ሐኪም እስኪገኝ አንጠብቅም የሚል ነውና። ነገር ግን 50,000 ሲባል ከየትኛው ቈጠራ ነው? በአገራችን የመጀመሪያው አጠቃላይ የሕዝብ ቈጠራ የተደረገው በ1984 ነው። ከዚያ በፊት ለሠላሳ ዓመት ያህል የተካፈለው ግምት ነበረ፤ ግምቱን በግምት አካፍሎ ክልል ማውጣት ማለት ነው።

በደርግ ዘመን ደረጃው ስድስት ሆነ፤ ከማኅበረሰቡ የጤና አገልግሎት ተነሥቶ፣ ክሊኒክን ለ10,000፣ ጤና ጣቢያን ለ100,000 ሰው መድቦ፣ በላዩ የገጠር ሆስፒታልን፣ ከዚያም የክፍለ ሀገሩንና የመናገሻውን ከተማ ሆስፒታል አስቀመጠ። «የገጠር ሆስፒታል» የሚለው ስም በመንግሥት ሥርዓት ውስጥ የደረጃ ስም የሆነው ያን ጊዜ ነው። በ1993 አዲስ የጤና ፖሊሲ ወጣ፤ በ1997 በተጀመረው የጤናው ዘርፍ ልማት ፕሮግራም ስድስቱ ደረጃ ወደ አራት ወርዶ አንድ ጤና ጣቢያ ከአምስት ጤና ኬላዎች ጋር ለ25,000፣ የወረዳ ሆስፒታል ለ250,000፣ የዞን ሆስፒታል ለ1,000,000፣ ልዩ ሆስፒታል ለ5,000,000 ሕዝብ ተመደበ። ከ2010 በኋላ ደግሞ አራቱ ሦስት ሆነው የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ከ60,000 እስከ 100,000 ሕዝብ እንዲያገለግል ተወሰነ።

እዚህ ላይ ጥቂት ቆም ብለን እንድናስብ እንፈልጋለን። በ1997 ዕቅድ በታችኛው ሆስፒታል ሥር 250,000 ሰው ነበረ፤ በ2010ው ዕቅድ ከ100,000 የማይበልጥ ነው። ሆስፒታሉ ከቦታው አልተንቀሳቀሰም፤ ወንዙም አልደረቀም። የተለወጠው ቍጥሩ ነው። ቍጥሩ የተቀነሰው ብዙ ሆስፒታል እንዲሠራ ስለ ተፈለገ ነውና አሳቡን እንደግፋለን። ነገር ግን ቍጥሩን ከሕዝቡ አካሄድ ያገኘው ማንም አይደለም። ከላይ ወደ ታች፣ ባለው ገንዘብና በሚታሰበው ሐኪም ብዛት ተከፍሎ የወጣ ነው። በዚህ መሠረት የአገሩ የጤና ሽፋን ሲሰላም፣ የጤና ጣቢያዎቹ ብዛት በ25,000 ተባዝቶ ለሕዝቡ ቍጥር ይካፈል ነበር። ይህ ሒሳብ ለአንዳንዱ አካባቢ ከመቶ በላይ ሊሰጥ ይችላል። ከመቶ ሰው ከመቶ በላይ ሰው አገልግሎት አገኘ ማለት ምን እንደ ሆነ ሒሳብ አዋቂዎች ጓደኞቻችንን ጠይቀን ሳቁብን።

ቍጥሩ ሲለወጥ ድንበሩም አብሮ ተለዋውጧል። ጠቅላይ ግዛት፣ አውራጃና ወረዳ የነበረው ክፍለ ሀገር ሆነ፤ ክፍለ ሀገሩም ፈርሶ ክልልና ዞን ተተካ። ሆስፒታሉ የሚጠራው በአስተዳደሩ ድንበር ስለ ሆነ፣ ድንበሩ በተዛወረ ቍጥር የሆስፒታሉ ሕዝብ አብሮ ይዛወራል። ከዚህም ላይ አገራችን ገደል የበዛበት ነው። ጎሐ ጽዮንና ደጀን በአባይ ሸለቆ በወዲህና በወዲያ ማዶ ተያይተው የሚኖሩ ከተሞች ናቸው። በካርታ ላይ ማስመሪያ ቢያስቀምጡ ጐረቤት ናቸው፤ መንገዱ ግን እስከ ወንዙ ወርዶ እንደ ገና እስከ ደጋው የሚወጣ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ማስመሪያ ያዥው ይህን አያውቅም፤ ምጥ የያዛትን ሴት በቃሬዛ የተሸከሙ ሰዎች ግን ያውቁታል።

አቃጆቹ በዚህ ዓይነት ሲያካፍሉ፣ የጃርቪስን ጥያቄ በአፍሪካ ያነሡ ሰዎች ተገኙ። በ1966 ሞሪስ ኪንግ ያዘጋጀው፣ በካምፓላ ከማኬሬሬ ኮሌጅ ጉባኤ የወጣ በታዳጊ አገሮች ስላለው ሕክምና የሚናገር መጽሐፍ ታትሟል። በውስጡ ሪቻርድ ጆሊ የተባለው የኢኮኖሚ ሊቅና ኪንግ የኡጋንዳን ተመላላሽ ሕሙማን በየመንደራቸው ርቀት ለይተው ያቀረቡት ሥራ አለ። እንደ ተገነዘቡት፣ ከሆስፒታሉ በየሁለት ማይሉ በራቁ ቍጥር የአንድ ሰው የዓመት ጉብኝት በግማሽ እየቀነሰ ይሄዳል። በሁለት ማይል ግማሽ፣ በአራት ማይል ሩብ፣ በስድስት ማይል ስምንተኛ ነው። በአሥር ማይል ያለ ሰው፣ ማለት 16 ኪሎ ሜትር የራቀ፣ ከበሩ አጠገብ ካለው ሰው ሠላሳ ሁለት ጊዜ ያነሰ ይመጣል።

ሒሳቡን እኛው ወደ ፊት ገፍተን ሠራነው። ሕዝቡ በእኩል የተበተነበት፣ ዙሪያው ከሆስፒታሉ አሥር ማይል የሆነ ክብ ክልል እናስብ። በመጀመሪያው አምስት ማይል ውስጥ የሚኖረው የክልሉ ሕዝብ ሩብ ብቻ ነው፤ ሦስቱ እጅ ከዚያ ወዲያ ነው። የኡጋንዳውን ልክ ብንይዝ፣ ይህ ሩቡ ሕዝብ ከጠቅላላው ጉብኝት 60 በመቶውን ይወስዳል፤ ሦስቱ እጅ ሕዝብ የቀረውን 40 በመቶ ይካፈላል። በነፍስ ወከፍ ሲታይ የቅርቡ ከሩቁ አራት ጊዜ ተኩል ይበልጣል። ስለዚህ «ይህ ሆስፒታል ለ100,000 ሰው ነው» ሲባል፣ በእውነቱ ለ25,000ው የቅርብ ሆስፒታል፣ ለቀሩት 75,000 ግን የሩቅ ዘመድ ነው። ይህ ልክ በየአገሩ አንድ ዓይነት እንዳልሆነ እናውቃለን፤ መኪና መንገድ ያለበትና የሌለበት፣ ደጋና ቈላው ይለያያል። ልቡ ግን ያው ነው፤ ክልሉ በክብ መስመር የሚያልቅ ሜዳ አይደለም፤ ከመብራት እንደሚርቅ ሰው ፊት ቀስ በቀስ እየጨለመ የሚሄድ ነው።

በዚህ አካሄድ ከወረቀት ይልቅ የሕሙማንን እግር መሠረት ያደረገ ካርታ በሰፊው የተሠራው በሰሜን አሜሪካ፣ ቬርሞንት በተባለ ገጠር የበዛበት ግዛት ነው። ጆን ዌንበርግና አለን ጊተልሶን በ1973 ባሳተሙት ጥናት የግዛቱን 251 ቀበሌዎች፣ የየአንዳንዱ ነዋሪ ይበልጡን ተኝቶ የሚታከምበት ሆስፒታል የት እንደ ሆነ እየተመለከቱ፣ በ13 የሆስፒታል ክልል መደቧቸው። አስተዳደሩ ያሰመረውን ድንበር ሳይሆን ሕዝቡ የሄደበትን ተከተሉ። ክልሎቹ ከታወቁ በኋላ ነው ማነጻጸር የተቻለው፤ ለምሳሌ የቶንሲል ቀዶ ሕክምና ከ10,000 ሰው በአንዱ ክልል 13፣ በሌላው 151 ሆኖ ተገኘ። ክልሉ ባይታወቅ ኖሮ ይህ ልዩነት ተሰውሮ በቀረ። በ1996 በዚሁ ዘዴ የአሜሪካ አገር በሙሉ በ3,436 የሆስፒታል ክልሎች ተከፍሎ ታተመ።

ዘዴው ሁለት ጥያቄዎችን ለይቶ ማየትን ይጠይቃል። አንደኛው፣ ከዚህ ቀበሌ ከታከሙት ሰዎች ስንት እጁ ወደዚህ ሆስፒታል ሄደ? ሁለተኛው፣ ከዚህ ሆስፒታል ሕሙማን ስንት እጁ ከዚህ ቀበሌ መጣ? ሁለቱ አንድ ይመስላሉ፤ አይደሉም። በምሳሌ እንየው። ከአንድ ቀበሌ በዓመት 100 ሰው ተኝቶ ታከመ እንበል፤ 60ው ወደ ትልቁ የዞን ሆስፒታል፣ 40ው ወደ ትንሹ የወረዳ ሆስፒታል ሄዱ። ትልቁ በዓመት 6,000፣ ትንሹ 400 ሕሙማን ያስተኛል። በመጀመሪያው ጥያቄ ቀበሌው የትልቁ ነው። በሁለተኛው ግን ቀበሌው ለትልቁ ከመቶ አንድ፣ ለትንሹ ከመቶ አሥር ነው። ቀበሌውን «ይበልጡን የሄደበት» በሚለው ደንብ ለትልቁ ብንሰጠው፣ ትንሹ ሆስፒታል ከሕሙማኑ አሥረኛውን እጅ በካርታው ላይ ያጣል፤ ሰዎቹ ግን በበሩ መምጣታቸውን አይተዉም። በጀቱ በካርታው ቢሰጠው ለ40ው ሕሙማን መድኃኒት የለውም። ስለዚህ አጥቢያውን በአንዱ ጥያቄ ብቻ መወሰን በትንሹ ሆስፒታል ላይ በደል ያመጣል የሚል አሳብ አለን።

ይህን ዘዴ ወደ አገራችን ለማምጣት ከመካከላችን ሁለቱ ባለፈው ክረምት ስሙን የማንጠቅሰው አንድ የወረዳ ሆስፒታል ሄደው በካርድ ክፍሉ ተቀምጠው ነበር። መዝገቡ በንጽሕና የተያዘ ነው፤ ስም፣ ዕድሜ፣ ጾታ፣ በሽታ ተጽፎበታል። «አድራሻ» በሚለው ዐምድ ግን ብዙውን ጊዜ የተጻፈው የከተማው ስም ብቻ ነው። ካርድ አውጪውን ብንጠይቀው፣ «ጎጡን ብጽፈው ማን ያነብልኛል? ሰልፉን አላያችሁም?» አለን። ቀኑ የገበያ ቀን ነበረና ሰልፉ በር ሞልቶ ወደ ውጭ ወጥቶ ነበር። ከሰልፉ የነበሩ አንዲት እናት ደግሞ ከተማ የምትኖረውን የልጃቸውን ቀበሌ አድራሻቸው አድርገው ሲያስመዘግቡ ሰማን። ምክንያቱን ሲነግሩን፣ መንደራቸው ከወንዝ ማዶ በሌላ ወረዳ ስለ ሆነ፣ እውነቱን ቢናገሩ የጤና መድን ደብተራቸው እዚህ አይሠራም፤ አስቀድሞ ከዚያኛው ጤና ጣቢያ የሪፈር ወረቀት አምጪ ይባላሉ። የማኅበረሰብ ጤና መድን በ2011 በ13 ወረዳዎች ለሙከራ ተጀምሮ የተስፋፋና ብዙ ድኻ ከዕዳ ያዳነ ሥራ ነው። ይሁን እንጂ ቀድሞ በወረቀት ብቻ የነበረው ድንበር በእርሱ ምክንያት በር ላይ የሚቆም ዘበኛ ሆኗል፤ ሰዉም ዘበኛውን ለማለፍ አድራሻውን ይለውጣል። በተለወጠ አድራሻ የቬርሞንትን ካርታ ብንሠራ፣ የወንዝ ማዶ ሰዎች ሁሉ የከተማ ሰዎች ሆነው ይታዩናል።

ከዚህ የሚብሰው ችግር ግን ሌላ ነው። የቬርሞንቱ ዘዴ የሚቈጥረው የመጡትን ነው። በዚያ አገር መታከም የሚፈልግ አብዛኛው ሰው ወደ አንዱ ሆስፒታል ይደርሳልና ይበቃል። በእኛ አገር መዝገቡ ያልመጡትን አያውቅም። ከአንድ ቀበሌ በዓመት ሦስት ሰው ብቻ ቢመጣ፣ ሦስቱም ወደዚሁ ሆስፒታል ስለ መጡ ቀበሌው «መቶ በመቶ የዚህ ሆስፒታል» ይሆናል፤ በቤታቸው የቀሩት በየትኛውም ዐምድ የሉም። የወረቀቱ ክልል የማይመጣውን እንደሚመጣ አድርጎ ይቈጥራል፤ የእግሩ ክልል ደግሞ የማይመጣውን እንደሌለ አድርጎ ይተወዋል። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ፣ ከወረቀቱ የእግሩን ቀንሶ የሚቀረውን ማየት ያስፈልጋል። ለዚህም ሕዝቡ መቈጠር አለበት፤ ከ2007 በኋላ ሊደረግ የታሰበው ቈጠራ ግን በ2019 እንዲዘገይ ተወስኗል።

በወሊድ ጊዜ ልዩነቱ በሰዓት ይለካል። ከወለደች በኋላ ደም የሚፈስሳት ሴት እርዳታ ካላገኘች በአማካይ በሁለት ሰዓት ውስጥ ልትሞት እንደምትችል የእናቶችን ሞት ያጠኑ ሰዎች ይገምታሉ። በ1997 የዓለም ጤና ድርጅትና ተባባሪዎቹ ባወጡት መመሪያ ለ500,000 ሕዝብ ቢያንስ አንድ የቀዶ ሕክምና አዋላጅ ተቋም እንዲኖር ይላል። ነገር ግን 500,000 የሰው ብዛት ነው፤ ሁለት ሰዓት የመንገድ ርዝመት ነው። አንዱን ወደ ሌላው የሚለውጥ ሒሳብ የለም። በ1974 የተመሠረተው የአዲስ አበባ የፌስቱላ ሆስፒታል ሕሙማኑ ከመላው ኢትዮጵያ ይመጡ ነበር፤ ክልሉ አገሩ በሙሉ ነበረ ማለት ይቻላል። ነገር ግን እነዚያ ሴቶች የደረሱት ምጡ ከጎዳቸው ከብዙ ጊዜ፣ አንዳንዶቹም ከዓመታት በኋላ ነው። በምጡ ቀን ክልላቸው የነበረ ሆስፒታል አልነበረም።

በጉራጌ አገር፣ ከወልቂጤ አጠገብ ያለው የአጣጥ ሆስፒታል በ1969 በካቶሊክ ደናግል የተከፈተ ነው። እዚያ የተያዘው ዘዴ ክልሉን ማስፋት ሳይሆን ሴቲቱን አስቀድሞ ማቅረብ ነው። መንታ የያዘች፣ ቀድሞ በቀዶ ሕክምና የወለደች ወይም ሌላ ሥጋት ያለባት ሴት ቀኗ ሳይደርስ መጥታ በግቢው በተሠራው የእናቶች ማቆያ ትቀመጣለች፤ ምጥ ሲይዛት ጥቂት እርምጃ ተራምዳ ትገባለች። ከ1987 እስከ 2008 የነበረው መዝገብ ተመርምሮ ታትሟል። በነዚህ ዓመታት ከወለዱት 24,148 ሴቶች 6,805 በማቆያው በኩል፣ 17,343 በቀጥታ የገቡ ናቸው። የእናቶች ሞት በማቆያው በኩል ከገቡት በ100,000 ሕያው ወሊድ 90 ያህል፣ በቀጥታ ከገቡት 1,333 ሆነ። ይህን ቍጥር ስንጠቅስ መጠንቀቅ ይገባናል። በቀጥታ ከገቡት መካከል ነገሩ ከተበላሸ በኋላ በቃሬዛ የመጡ አሉና፣ ልዩነቱ ሁሉ የማቆያው ሥራ ነው ማለት አይቻልም። ሆኖም አንድ ነገር በግልጽ ይታያል፤ በማቆያው የተቀመጠችው ሴት መንደሯ የትም ይሁን የት፣ በዚያች ቀን ከሆስፒታሉ ያላት ርቀት የግቢው ስፋት ብቻ ነው።

ሁለቱ ጓደኞቻችን ያዩት ያ ሆስፒታልም በግቢው ጥግ የጭቃ ግድግዳ ያለው ማቆያ ቤት ነበረው። አዋላጅዋ ነርስ እዚያ የሚያርፉትን ሴቶች በአንድ የተማሪ ደብተር ትመዘግባለች። ደብተሩ የማንም ቅጽ አይደለም፤ መስመሩን በእጇ ያሰመረችው ነው። በእርሱ ላይ ግን ከሴቲቱ ስም ቀጥሎ የጎጡ ስም፣ ከዚያም «በእግር ስንት ሰዓት» የሚል ዐምድ አለ። ለምን እንደምትጽፈው ስንጠይቃት፣ ሴቲቱ ምጥ ሲይዛት ለባሏ መልእክት የሚልኩበትን ጊዜ ለማወቅ እንደ ሆነ ነገረችን። ከወንዝ ማዶ ያሉት መንደሮች ሁሉ፣ በካርድ ክፍሉ መዝገብ የከተማ የሆኑት፣ በዚህ ደብተር በየስማቸው አሉ። ካርታችንን የጀመርነው ከዚያ ገልብጠን ነው።